ስለ ካራማራ ውጊያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካቲት በመጣ ቁጥር ጅማ ውስጥ ተማሪዎች፣ የታሪክ መምህራንና የዘማች ቤተሰቦች በ1970 ከሶማሊያ ጦር ጋር ስለተደረገው ስለዚህ ውጊያ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀኖቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ካራማራ ምንድን ነው? ከተማ ነው ተራራ?

ከጅጅጋ በስተምዕራብ የተጋደመ የጋራ ሰንሰለት ነው። ከሐረር ተነስቶ በባቢሌ በኩል ጅጅጋ የሚገባው መንገድ የፋፈንን ሸለቆ ይሻገርና ሽቅብ ወጥቶ ይህን ሰንሰለት በአንድ በር ሾልኮ ያልፋል። በሩ ማርዳ ይባላል። «ካራማራ»፣ «ካራማርዳ»፣ «ማርዳ» ተብሎ ቢጻፍ ወሬው ስለ አንድ ቦታ ነው። ከበሩ ቁልቁል ሲወርዱ ጅጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተዘርግታ ትገኛለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ድንበሩ ድረስ ይህን የሚያክል ገዢ መሬት የለም።

ለጅማ ሰው ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው። ከወልቂጤ መጥተው የጊቤን ድልድይ ተሻግረው ወደ አበልቲ ሽቅብ የሚወጡበትን መንገድ ያስቡ፤ ጭነት የያዘ መኪና በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣበትን። አናቱ ላይ ሁለት መትረየስና ጥቂት ሞርታር የጠመደ ሰው ከሥር ያለውን ሰልፍ አንድ በአንድ ይለቅመዋል። ካራማራ ለሐረርና ለጅጅጋ እንዲያ ነው።

ድሉ በየትኛው ቀን ነው? የካቲት 23 ነው የሚሉም አሉ።

የካቲት 23 የአድዋ ነው። ጅጅጋ ከሶማሊያው መሪ ከዚያድ ባሬ ጦር ነፃ የወጣችው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፤ የካራማራ ድል የሚባለውና በየዓመቱ የሚታሰበውም ይኸው ቀን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 5 ቀን 1978 ይሆናል። በሁለቱ በዓላት መካከል ሦስት ቀን ብቻ ስላለ የትምህርት ቤት ጽሑፎች ላይ ሲቀላቀሉ ይታያል።

ጦርነቱ እንዴት ተጀመረ? ካራማራስ መጀመሪያ እንዴት ተያዘ?

የሶማሊያ መደበኛ ጦር ከምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ጋር ሆኖ በሐምሌ 1969 ድንበር ጥሶ ገባ። በወቅቱ የኢትዮጵያ ጦር ኤርትራ ውስጥ ተጠምዷል፣ መሐል አገሩ በፖለቲካ ግድያ ይታመሳል፣ አሜሪካም የጦር መሣሪያ እርዳታውን አቋርጣለች። ጎዴ ወዲያው ወደቀች። ነሐሴ 11 ድሬዳዋ ላይ የተሰነዘረው ጥቃት ግን ከሸፈ፤ ያ ባይከሽፍ የጂቡቲ ባቡር መስመር በሙሉ ይጠፋ ነበር።

ጅጅጋ የወደቀችው መስከረም 2 ቀን 1970፣ በአዲስ ዓመት ማግስት ነው። የጠላት ቲ 55 ታንክ ባለ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበር፤ ወገን የነበረው የቆየ የአሜሪካ ታንክ ነው። ከመሣሪያው የባሰው ግን የሠራዊቱ መንፈስ ነበር። ጅጅጋ የነበረው ሜካናይዝድ ጦር ውስጥ አለመታዘዝ ተነሳ፣ ክፍሎች ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ይህን ክፍል ዘለው «በብዛት ተበለጥን» ብለው የሚያልፉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ካራማራ በደንብ ቢያዝ ኖሮ ጥቂት ሰው የሚጠብቀው በር ነው፤ የታጣው ያ ጥቂት ሰው ነው። በሩ ከተለቀቀ በኋላ ውጊያው ወደ ባቢሌና ወደ ሐረር ደጃፍ ተሳበ፤ ሐረር ግን አልወደቀችም። ጦርነቱን የቀየረው በመጀመሪያ ይኸው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሚሊሻ የሚባለው ማን ነበር? ከጅማ አካባቢስ ሰው ሄዷል?

ከየክፍለ ሀገሩ በገበሬ ማኅበራት በኩል ተመልምሎ የዘመተ ገበሬ ነው። ገበሬ ማኅበራቱ የተቋቋሙት በየካቲት 1967 የወጣውን የመሬት አዋጅ ተከትሎ ስለሆነ በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ሰው የሚመለመልበት መዋቅር እስከ ቀበሌ ድረስ ዝግጁ ነበር። ትልቁ ማሠልጠኛ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለው ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ የዘማች ቤተሰብ ዛሬም በከተማዋና በዙሪያዋ ወረዳዎች አለ።

ሥልጠናው በወራት የሚቆጠር፣ የተጣደፈ ነበር። መተኮስ ሰውዬው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ያውቃል። የሚጎድለው ሌላ ነው፦ ተዘርግቶ መሄድ፣ ከከባድ መሣሪያ ድብደባ ሥር አንገት ደፍቶ መቆየት፣ ድብደባው እንደቆመ ወዲያው መነሳት። ብዙ ሰው የሚያልቀው በመጨረሻው ላይ ነው። ከድብደባው በኋላ አምስት ደቂቃ የዘገየ እግረኛ፣ ተከላካዩ ከምሽጉ ቀና ብሎ መትረየሱን ጠምዶ ነው የሚጠብቀው።

ስንቅ ምን ነበር?

ከደጀን የሚላከው ደረቅ ስንቅ በአብዛኛው በሶና ዳቦ ቆሎ ነው፤ ከሠራዊቱ ደግሞ ኮቾሮ፣ ጥርስ የሚሰብረው ደረቅ ብስኩት። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ጭስ አይወጣውም፣ አንድ ጭብጥ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም በጨው ታሽቶ ይጨበጣል። ችግሩ ውሃ መፈለጉ ነው። የካቲት በዚያ አካባቢ ደረቅ ወር ነው። ጋራ የሚወጣ ሰው በቀን ከአራት እስከ አምስት ሊትር ይፈልጋል፤ ኮዳው የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሻለቃ ተራራ ላይ ማዋል ማለት ከጥይቱ በፊት የውሃ ቦቴና ጀሪካን ተሸካሚ ማደራጀት ነው። ጥቃት የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ጀግና ስለጠፋ አይደለም።

በየካቲት ካራማራን ፊት ለፊት ወጥተው ነው ያስለቀቁት?

አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሎችና ዘፈኖች ሠራዊቱን ቀጥ ብሎ ተራራውን ሲወጣ ያሳያሉ። እውነቱ ግን በሩ የተከፈተው በአብዛኛው ከጀርባው ነው። ጠላት ጥቃቱ በሐረር መንገድ፣ በማርዳ በር በኩል እንደሚመጣ ገምቶ ኃይሉን እዚያ አከማቸ። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ዋና ክንድ ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ ደጋውን አቋርጦ፣ በሩን በሩቅ ዞሮ በጅጅጋና በድንበሩ መካከል ወደሚገኘው መሬት ገባ። ወታደሮች «ቆረጣ» የሚሉት ይህን ነው። ከምዕራብ በኩል ያለው ጦር ደግሞ በሩ ላይ ያለውን ኃይል እንዳይነቃነቅ አድርጎ ያዘው።

ለምን ይህ መንገድ ተመረጠ? የበሩን መሬት ማየት ይበቃል። ወጪው መንገድ አንድ ነው፤ አንድ ታንክ ከተመታ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ከመንገዱ ወጥቶ በግራና በቀኝ መውጣት የሚችለው እግረኛ ብቻ ነው፣ እሱም በድንጋይ ላይ። ድንጋያማ መሬት ላይ ምሽግ መቆፈር ስለማይቻል ሁለቱም ወገን ድንጋይ ይክባል፤ ሞርታር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከብረቱ ይልቅ የሚፈነጠረው የድንጋይ ስንጣሪ ሰው ያቆስላል። የሚከላከለው ጥሩ ወታደር ከሆነ መትረየሱን ጫፉ ላይ አያስቀምጥም፤ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፣ ከሰማይ ጋር ጥላው እንዳይታይና ቁልቁለቱን በሙሉ እንዲያይ። እዚህ ላይ ፊት ለፊት መውጣት የሚያስከፍለው ሰው ከሚገኘው ጋር አይመጣጠንም።

ዞሮ መግባትም የራሱ ጣጣ አለው። የሚዞረው ክንድ ከደጀኑ ይርቃል፤ ነዳጅና ጥይት ካለቀበት በጠላት መሬት ላይ የቆመ ብረት ነው። ፊት ለፊት የያዘው ክንድ ከቀዘቀዘ ጠላት ኃይሉን ከበሩ አንስቶ ወደ ኋላ ያዞራል። ስለዚህ ማርዳ ሥር ሆነው የሚተኩሱት ሰዎች «ማደናገሪያ» ብቻ አልነበሩም፤ እነሱ ባይጫኑ ኖሮ ዙሪያ የሄደው ጦር ሊከበብ ይችል ነበር። የነሱ ድካም በታሪኩ ውስጥ ትንሽ ቦታ የሚሰጠው መሆኑ ፍትሐዊ አይደለም። ጠላት ከፊትም ከኋላም ሲያዝ መስመሩ ተፈታ፤ የጅጅጋ ውጊያ በጥቂት ቀናት አለቀ።

ይህ በር ከ1970 በፊት ተዋግተውበት ያውቃሉ?

አዎ። በመጋቢት 1933 ጣሊያኖች ማርዳን ይዘው ሲከላከሉ በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረው የናይጄሪያ ብርጌድ መጋቢት 12 ቀን አጥቅቷቸው ሌሊቱን ለቀው ሄዱ። የሚገርመው፣ ያው 23ኛው የናይጄሪያ ብርጌድ ሦስት ወር ሳይሞላው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ አበልቲ ላይ ጊቤን ሲሻገር እናገኘዋለን። እዚያም ሌላ ብርጌድ ወንዙን በሌላ በኩል ተሻግሮ ስለነበር የአበልቲ መከላከያ ብቻውን ሊቆም አልቻለም። ጅማ ሰኔ 14 ቀን 1933 ተያዘች። ካራማራን በጊቤ ቁልቁለት መመሰላችን ስለዚህ እንዲያው ለምሳሌ ያህል አይደለም።

ሄሊኮፕተር ታንክ ተሸክሞ ከተራራው ጀርባ አወረደ የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ሚ 6 የሚባለው የሶቪየት ሄሊኮፕተር በሆዱ እስከ 12 ቶን ይጭናል። ቲ 55 ታንክ 36 ቶን ነው፤ ያንን የሚያነሳ ሄሊኮፕተር ለሠራዊት አገልግሎት ውሎ አያውቅም። የተጫኑት ቀላል ብረት ለበሶች ናቸው፦ ቢኤምዲ 1 (7 ቶን ተኩል ገደማ) እና ኤኤስዩ 57 የተባለው ተንቀሳቃሽ ፀረ ታንክ መድፍ (ከ3 ቶን ትንሽ ከፍ የሚል)። ሁለቱም ለአየር ወለድ ጦር የተሠሩ ስለሆኑ ቆርቆሯቸው ስስ ነው። ከታንክ ጋር ፊት ለፊት አይገጥሙም፤ ጥቅማቸው ጠላት ማንም አይመጣም ባለበት አቅጣጫ ድንገት መገኘታቸው ነው። ከባዶቹ ታንኮች የመጡት በምድር ነው።

እግረኛ ወታደር ታንክን በእጅ ቦምብ ማጥፋት ይችላል?

በተራ የእጅ ቦምብ የታንክ ብረት አይበሳም። ኤፍ 1 የሚባለው ቦምብ 600 ግራም ያህል ቢመዝንም ፈንጂው 60 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ የተሠራው ስንጣሪ ለመርጨት ነው። ታንክ የሚጠፋው ቦምቡ በተከፈተ ክዳን ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። መዘግየቱ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ስለሆነ ቀለበቱን ነቅሎ ወዲያው የወረወረ ሰው ተመልሶ ሊጣልበት ይችላል፤ አቆይቶ የያዘም በእጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ለታንክ ተብሎ የተሠራ የእጅ ቦምብም አለ፤ ሲወረወር ትንሽ ጃንጥላ ትከፈትና አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ የታንኩን አናት ይመታል፣ አናቱ ከፊቱ ስስ ነውና። በትከሻ የሚተኮሰው አርፒጂ ደግሞ በሚንቀሳቀስ ታንክ ላይ እስከ 300 ሜትር፣ በቆመ ላይ እስከ 500 ሜትር ያገለግላል።

በካራማራ ይህ የተቻለው መሬቱ ስለረዳ ነው። የቲ 55 መድፍ ወደ ታች የሚያዘነብለው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ታንኩ ጫፍ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ከሥሩ ባለው ቁልቁለት ተጠግቶ የመጣን ሰው በመድፉ ሊያገኘው አይችልም፤ ያለ እግረኛ ጠባቂ የቀረ ታንክ እዚያ ዕውር ነው። በዚህ ውጊያ ስሙ የሚነሳው አሊ በርኬ የሚታወቀው ታንክ በእጅ ቦምብ በማውደም ነው። ጀግንነቱን ለመረዳት ይህን ልክ ማወቅ ይጠቅማል፦ ሰውዬው የታንኩ ሠራተኞች ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ መጠጋት ነበረበት።

ያሸነፉት ኩባዎች ናቸው?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ጠብ ያስነሳል። ኩባ የላከችው ጦር ከ15 ሺህ በላይ እንደነበር ነው በአብዛኛው የሚጠቀሰው፤ ዋና ሥራውም በታንክ፣ በመድፍና በሜካናይዝድ እግረኛ ነበር። ሶቪየቶች ከኅዳር 1970 ጀምረው በአየርና በባሕር መሣሪያ አጎረፉ፤ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ደግሞ በዕቅዱ ላይ ትልቅ ድርሻ ነበረው። የደቡብ የመን ወታደሮችም ነበሩ። ያለ እነዚህ ጦርነቱ በየካቲት አያልቅም ነበር፤ ይህን መካድ ሞኝነት ነው። ሞስኮ ጭልጥ ብላ ወደ ኢትዮጵያ ያዘነበለችው ዚያድ ባሬ ኅዳር 4 ቀን 1970 የሶቪየት አማካሪዎችን አባርሮ ከኩባ ጋር ግንኙነቱን ካቋረጠ በኋላ መሆኑም አይዘንጋ።

ነገር ግን ድሬዳዋና ሐረር እንዳይወድቁ የተጠበቁት፣ ማለትም ጠላት ጉልበቱን የጨረሰው፣ አብዛኛው እርዳታ ሳይደርስ ነው። ያን የያዘው ኢትዮጵያዊው እግረኛ፣ ሚሊሻውና አየር ኃይሉ ነው። በየካቲትም ጋራውን በእግሩ የወጣው በአብዛኛው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት የሁለቱንም አገር ሙታን አንድ ላይ ማሰቡ ትክክለኛ ሚዛን ይመስለናል።

አየር ኃይሉ ምን ሠራ?

ኤፍ 5 ኢ ተዋጊዎቹ የጠላትን ሚግ 21 በአየር ላይ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የጠላት የስንቅና የነዳጅ ኮንቮይ ቀን ቀን መንቀሳቀስ አቃተው። ከድንበር እስከ ሐረር ደጃፍ የተለጠጠ ጦር ነዳጁ በሌሊት ብቻ ከመጣለት ይቆማል፤ የጥቅምትና የኅዳር መቀዝቀዝ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ከአብራሪዎቹ ኮሎኔል ለገሠ ተፈራ ተመትተው በጃንጥላ ወርደው ተማረኩ፤ የተፈቱት ከ11 ዓመት ገደማ እስር በኋላ፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ሲስማሙ ነው።

ለምን ሐርጌሳ ድረስ አልሄዱም?

ዚያድ ባሬ የካቲት 30 ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ሶቪየቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር ድንበር እንደማይሻገር ለአሜሪካ አስቀድመው ቃል ሰጥተዋል። ከዚህ ሌላ የኤርትራው ጦርነት ይጠብቅ ነበር፤ ብዙው ክፍል በዚያው ዓመት ወደ ሰሜን ዞሯል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ጦርነቱ ከሞቃዲሾ መንግሥት ጋር ነበር። «ሶማሌ ወጋን» ብሎ መጻፍ የራሳችንን የሶማሌ ክልል ሕዝብ ከወራሪው ጋር መደባለቅ ነው፤ «የዚያድ ባሬ ጦር» ወይም «የሶማሊያ ጦር» ይበሉ።

አያቴ ካራማራ ዘምተዋል ይባላል። በምን አረጋግጣለሁ?

«ካራማራ» የሚለው ስም የመላው የምሥራቅ ጦርነት መጠሪያ እየሆነ መጥቷል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደነበሩ ሳይሆን ከማን ጋር እንደነበሩ ይጠይቁ፦ ብርጌዱ ቁጥሩ ስንት ነው፣ የሻለቃው አዛዥ ማን ነበር፣ ከታጠቅ የወጡት በየትኛው ወር ነው። ዓመተ ምሕረት ሽማግሌ ይረሳል፤ በዓል ግን አይረሳም። «መስቀልን የት ዋልክ? ገናንስ? አረፋንስ?» ብሎ መጠየቅ ከቀን ቁጥር ይልቅ ያዋጣል። መስቀልን ባቢሌ አካባቢ ሲያፈገፍግ የዋለ ሰውና በጥር የደረሰ ሰው ያዩት ጦርነት የተለያየ ነው።

የቦታ ስም ላይ ይጠንቀቁ። «ኮምቦልቻ ላይ ቆሰልኩ» ካሉ የሐረሩ ኮምቦልቻ ነው፣ የወሎው አይደለም። ናቅፋ ወይም ከረን ከተባለ ወደ ኤርትራ ከዞሩ በኋላ ያለው ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊያይ ይችላል። አባባ የሚያወጉት በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ይቅዱት፣ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል፤ እየተረጎሙ የሚጠይቁ ልጆች ግማሹን ያስጥሉታል። በስልክ ሲቀዱ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አያስቀምጡ፣ የስኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል። ፎቶ ካለ ጀርባውን ጭምር ያንሱ፤ የፎቶ ቤት ማኅተምና በእርሳስ የተጻፈ ቀን የሚገኘው እዚያ ነው። ሜዳይ ካለ አይወልውሉት፣ ጽሑፉ ይፋቃል። እያወጉ ዝም ካሉ ደግሞ ጥያቄ አይደርድሩ፤ ቡናው ሁለተኛ እስኪቀዳ ይጠብቁ።

ከጅማ ተነስቼ ቦታውን ማየት እችላለሁ?

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር፣ ሐረር ከአዲስ አበባ 525 ገደማ፣ ጅጅጋ ከሐረር 100 ያህል ነው፤ በመኪና ቢያንስ ሦስት ቀን ይያዙ፣ ከመነሳትዎ በፊትም የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። ከሐረር በጠዋት ቢነሱ ፋፈንን አልፈው ሽቅብ ሲወጡ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ዓይን ውስጥ ትገባለች፤ ከታች ወደ ላይ ይተኩስ የነበረው ሰው በማለዳ ምን ያይ እንደነበር የሚገባው ያኔ ነው። ከአስፋልቱ ወጥተው ሲሄዱ የዛገ ብረት አያንሱ፣ አይርገጡ፣ ልጆችም እንዳይነኩ ይከልክሉ፤ ያልፈነዳ ጥይት ዕድሜ አያረጀውም። ካዩ ቦታውን ምልክት አድርገው በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለቅርቡ ፖሊስ ያሳውቁ።